እንግዳ ማረፊያና የውጭ መቀመጫ ያለው ቤት በለገጣፎ፦ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ምክራችሁን እሻለሁ

የጣፎ ዳገት (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለገጣፎ ለገዳዲ ውስጥ 500 ካሬ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ የቤተሰቤን መኖሪያ ለመሥራት ተዘጋጅቻለሁ። ቦታው በሰሜን በኩል ከመንገድ ጋር የሚዋሰንበት ጎን 20 ሜትር፣ ወደ ደቡብ የሚገባው ጥልቀት 25 ሜትር ሲሆን፣ ወደ ኋላ በመጠኑ ያዘቀዝቃል። አፈሩ ከላይ ጥቁር ነው።

ያሠራሁት የመጀመሪያ ንድፍ ጂ+1 (ምድር ቤትና አንድ ፎቅ) ሆኖ መሬት ላይ የሚያርፈው 12 በ13 ሜትር ነው። ቤቱ ግቢው መሀል ላይ ተቀምጧል፤ ሳሎኑና 3 ሜትር ስፋት ያለው በረንዳ ወደ መንገዱ ይመለከታሉ፤ ሁለቱም የእንግዳ መኝታ ክፍሎች ፎቅ ላይ ናቸው፤ ሰርቪስ ቤቱ ደግሞ የኋላውን አጥር ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል።

የእኛን ቤት እንግዳ አይለየውም። እናቴ ከደብረ ብርሃን እየመጡ ወራት ይቆያሉ፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃ ይከብዳቸዋል። ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ከነልጆቹ የሚመጣው በክረምት ነው። ክርስትናውም፣ መልሱም፣ ማኅበሩም፣ እግዜር አያምጣውና ልቅሶውም የሚሆነው እኛው ግቢ ነው። የእንግዳ ክፍሎቹ የት ቢሆኑ ይሻላል? ከቤት ውጭ መቀመጫውስ እንዴት ቢታሰብ ዓመቱን ሙሉ ያገለግላል? ፕላኑን ለማጽደቅ ከማስገባቴ በፊት ሐሳባችሁን ብትለግሱኝ ደስ ይለኛል።

እርሳስና ማስመሪያ

ጥያቄዎን ሳነብ ከክፍሎቹ አደላደል ይልቅ ያሳሰበኝ ቤቱ መሬቱ ላይ የተቀመጠበት ሁኔታ ነው። 12 በ13 የሆነ ቤት 20 በ25 የሆነ ግቢ መሀል ላይ ሲያርፍ በግራና በቀኝ አራት አራት፣ በፊትና በኋላ ስድስት ስድስት ሜትር ይተርፋል። ከኋላው ስድስት ሜትር ላይ ሰርቪሱ ግማሹን ይወስዳል። የቀረው ባዶ መሬት ሲደመር ብዙ ነው፤ ነገር ግን ተበጣጥሶ መተላለፊያ ብቻ ስለሆነ ድንኳን የሚተከልበት ወይም ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አንድም ወጥ ቦታ የለውም። በከተማችን ዳርቻ የሚሠሩት ቤቶች አብዛኞቹ እንዲህ ናቸው፤ ቤቱ ከአራቱም አቅጣጫ እንዲታይ ተብሎ መሀል ላይ ይቆምና ግቢው የቤቱ መዞሪያ ሆኖ ይቀራል።

እኔ ብሆን ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ ባዶ ሆኖ የሚቀረውን ቦታ እመርጣለሁ፤ ቤቱን የማሳርፈው ከዚያ በተረፈው ላይ ነው። ቤቱን ከምዕራቡ አጥር ሁለት ሜትር፣ ከመንገዱ በኩል አምስት ሜትር አርቀው ቢያስቀምጡት በምሥራቅ ስድስት፣ በደቡብ ሰባት ሜትር ስፋት ያለውና የቤቱን ሁለት ጎን አቅፎ የሚዞር 218 ካሬ ሜትር ወጥ ግቢ ያገኛሉ። የቤቱ ስፋት በአንድ ካሬ እንኳ አልቀነሰም። እርግጥ ከመንገድና ከጎረቤት እንዲተው የሚጠየቀውን ርቀት አስቀድመው ከአካባቢዎ የግንባታ ፈቃድ ክፍል ማረጋገጥ ይኖርብዎታል።

ምሥራቅና ደቡብን የመረጥሁት በፀሐይ ምክንያት ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚገኙ፣ ፀሐይ በሰኔ አጋማሽ ቀትር ላይ ከአናት ወደ ሰሜን 14 ዲግሪ ያህል፣ በታኅሣሥ አጋማሽ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። ወደ ሰሜን በምታዘነብልበት ወቅት ሰማዩ በክረምት ደመና ይሸፈናል። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ድረስ ባለው ጊዜ ደግሞ ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። ብርዱ የሚበረታው በኅዳርና በታኅሣሥ መሆኑን ስናስብ፣ ንድፍዎ ላይ ወደ መንገዱ የዞረው በረንዳ ሰው ሊቀመጥበት በሚወድበት ወቅት ሁሉ ጥላ ውስጥ ይውላል ማለት ነው። በዚያ ላይ የመንገዱ አቧራና የአላፊ አግዳሚው ዓይን አለ።

በረንዳው ወደ ደቡብ ይዙር ሲባልም የጣሪያው ስፋት በልክ መሆን አለበት። ጣሪያው ከወለሉ 2.80 ሜትር ከፍ ብሎ 3 ሜትር ወደ ውጭ ከወጣ፣ በታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ ከበረንዳው ጠርዝ ወደ ውስጥ የምትዘልቀው 1.80 ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ የሳሎኑ መስኮት ጨርሶ አያገኛትም፤ ሳሎኑም በጠራራ ፀሐይ ቀን ካፖርት የሚለበስበት ክፍል ይሆናል። ስለዚህ ሰፊው በረንዳ በመመገቢያ ክፍሉ ፊት ለፊት ብቻ ይሁን። የሳሎኑ የደቡብ መስኮት 70 ሴንቲ ሜትር ክፈፍ ይበቃዋል፤ ያ ክፈፍ በታኅሣሥ ቀትር ጥላውን ወደ ታች 1.10 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጥል የቀረው የመስኮቱ ክፍል ፀሐዩን እንደልብ ያስገባል።

የወይራ ጥላ

ልጄ፣ አርክቴክቱ የተናገሩት ተገቢ ነው፤ እኔ ደግሞ ብዙ ሰው ከሚያስተናግድ ግቢ ያየሁትን ልጨምርልህ።

ልቅሶ የመጣ ሰው ሳሎን አይገባም። ከግቢው በር በቀጥታ ወደ ድንኳኑ፣ ከድንኳኑም ወደ መጸዳጃው በቤቱ ውስጥ ሳያልፍ የሚደርስበት መንገድ ሊኖር ይገባል። ፕላን ላይ ይህ መንገድ ሲረሳ ሐዘንተኛው ሁሉ በማጀት በኩል ይመላለሳል፤ የቤቱ ባለቤትም ልብስ የሚቀይርበት ጥግ ያጣል። በውጭ በኩል የሚከፈት አንድ መጸዳጃና አጠገቡ አንድ የእጅ መታጠቢያ ከሁለት ተጨማሪ መኝታ ቤት ይልቅ ይጠቅምሃል።

ሁለተኛው ነገር፣ ከእድራችሁ ዘንድ ሄደህ የድንኳኑን ልክ ጠይቅ። ርዝመቱንና ስፋቱን ጽፈህ ለነዳፊው ስጠው፤ በዚያ ልክ ዛፍም፣ የመብራት ምሰሶም፣ የአበባ መደብም የማይገባበት ቦታ ይከለል። በአዘቦት ቀን ሣር ሆኖ ይቀመጣል። የግቢው የመኪና መግቢያ በር ሲከፈትም አግዳሚ ወንበሩና የድንኳኑ ብረት ሳይጋጭ የሚገባበት መሆን አለበት።

ሦስተኛው ማድ ቤቱ ነው። ዘመናዊው ኩሽና የሠርግ ድስት አይችልም፤ ጉልቻ የሚቀመጥበት፣ ምጣዱ የሚጣድበት፣ ጣሪያው ከፍ ያለና ሁለት ጎኑ ክፍት የሆነ ማድ ቤት ያስፈልጋል። በበጋ ነፋሱ የሚነሣው በብዛት ከምሥራቅ ስለሆነ በግቢው ደቡብ ምዕራብ ጥግ ብታደርገው ጭሱ እንግዳው ላይ አይመለስም። ዕቃ የሚታጠብበትን ደግሞ አትርሳው። ሴቶቹ ቁጢጥ ብለው ጎናቸው እስኪደክም ድስት የሚፈትጉት ባለሙያ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም፤ ወገብ ላይ የሚደርስ የሲሚንቶ መታጠቢያ ስለማይሠራላቸው ነው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር ይሁን፣ ሁለት ቧንቧ ይኑረው፣ የድስቱ ቂጥ እንዲያርፍበትም ገንዳው ሰፊና ጠፍጣፋ ይሁን፤ የእንጀራና የወጥ ትራፊ ቱቦውን እንዳይዘጋው መውረጃው ላይ የሚነሣ ወንፊት ይደረግበት።

መቀመጫ ደግሞ መግዛት አያስፈልግም። በቤቱ የምሥራቅ ግድግዳ ሥር መደብ አሠራ። ቁመቱ 45፣ ስፋቱ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ሽማግሌም ይቀመጥበታል፤ የጠዋት ፀሐይ የሚሞቅበትም ይሆናል። የፕላስቲክ ወንበር እንደሆነ በዓል በመጣ ቁጥር እግሩ ይሰበራል።

ፌሮና ብሎኬት

ሁለቱም አስተያየቶች ጥሩ ናቸው። እኔ የምናገረው ሁሉም ስለሚያልፉት ስለ አፈሩ ነው።

ጥቁሩ አፈር ክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ይኮማተራል። ባለ ፎቁ ቤት ከባድ ስለሆነና መሠረቱም ጠንካራው መሬት ድረስ ስለሚወርድ ብዙውን ጊዜ ይቋቋመዋል። የሚጎዱት በትንሽ መሠረት የሚሠሩት ቀላል ነገሮች ናቸው፤ በረንዳው፣ ማድ ቤቱ፣ ለእንግዳ ተብሎ ከጎን የሚቀጠለው ክፍል፣ የግቢው ንጣፍና አጥሩ። አፈሩ ከታች ሲገፋቸው የሚመክቱበት ክብደት የላቸውም። በዚህ አካባቢ በረንዳው ከዋናው ቤት ተገንጥሎ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ያበጀበት ቤት ብዙ አይቻለሁ፤ ባለቤቶቹ ግን ጥፋቱን በልስኑ ላይ ያሳብባሉ።

ስለዚህ የአፈር ምርመራው ቤቱ በሚያርፍበት ላይ ብቻ ሳይወሰን በረንዳውና ማድ ቤቱ በሚሠሩበትም በኩል ጉድጓድ ይቆፈር። ጥቁሩ አፈር ጥልቀቱ ያን ያህል ካልሆነ ከነሥሩ ወጥቶ በገረጋንቲ (ጠጠር ባለው የሙሌት አፈር) ይተካ፤ ገረጋንቲውም 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ባለው ንብብር እየተነጠፈ፣ ውኃ እየተርከፈከፈበት ይጠቅጠቅ። በአንድ ጊዜ ተደፍቶ ላዩ ብቻ የሚጠቀጠቅ ሙሌት ከዓመት በኋላ ይሰምጣል። ባለ አንድ ወለሉ ክፍልና ባለ ፎቁ ቤት አንድ ላይ ተጣብቀው አይሠሩ፤ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው መለያያ ክፍተት ይኑራቸው፣ ክፍተቱም በሚለጠጥ ነገር ይደፈን። በቤቱ ዙሪያ ከአንድ ሜትር የማያንስ፣ ወደ ውጭ የሚያዘቀዝቅ ሊሾ ይሠራ። የጣሪያ ውኃ የሚወርድበት ቱቦም የቤቱ ማዕዘን ሥር እንዳይደፋ።

በዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ዛሬ ዛሬ ሳሎኑ ወደ ግቢው በሰፊው እንዲከፈት ተብሎ መሀል ላይ ያለው ኮለን (ምሰሶ) ይነሣና ስድስት ሰባት ሜትር ሙሉ መስታወት ይደረጋል፤ ከላይ ግን የመኝታ ቤቶቹ የብሎኬት ግድግዳ ይቀመጥበታል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ሰዉን ከቤቱ ማስወጣቱ ይታወሳል። ከታች ባዶ፣ ከላይ ከባድ የሆነ ቤት ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር የማይመች ስለሆነ ኮለኑን ከማንሣትዎ በፊት የስትራክቸር መሐንዲሱ በስሌት ያረጋግጥልዎ። ሁለት መካከለኛ በሮችና በመሀላቸው አንድ ኮለን ከግቢው ጋር በደንብ ያገናኛሉ።

ቆጣቢው

ከሁላችሁም ሐሳቤ ይለያል። እንግዳ በዓመት ጥቂት ጊዜ ነው የሚመጣው። ያለ ሥራ የሚቀመጥ ክፍል ገንዘብ መቅበር ነው። የእንግዳ ማረፊያው ከዋናው ቤት ተለይቶ በሰርቪሱ መስመር ላይ ሁለት ክፍል ከነመጸዳጃው ቢሠራ፣ እንግዳ በሌለ ጊዜ ይከራያል፤ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ በናረበት ጊዜ ኪራዩ የግንባታውን ዕዳ ይደግፋል። እንግዳውም ቢሆን የራሱ ነፃነት ይኖረዋል።

የአባዶ ነርስ

ቆጣቢው ያነሡት የገንዘብ ጉዳይ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የዚህ ቤት ዋና እንግዳ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ናቸው። ሌሊት ሲታመሙ የሚሰማ ሰው በሌለበት፣ ከኋላ አጥር ሥር ባለ ሰርቪስ ውስጥ ማሳደር ለቤተሰቡም ለእርሳቸውም አይሆንም። ተከራይ ከገባ ደግሞ እናት በመጡ ቁጥር ውጣ አይባልም።

በሥራዬ ምክንያት ቤታቸው ድረስ የምሄድላቸው አረጋውያን ብዙ ናቸው። ወድቀው ከሚሰበሩት የሚበዙት የሚወድቁት መጸዳጃ ቤት ውስጥ ወይም ወደዚያው ሲሄዱ ነው። ስለዚህ መኝታ ክፍላቸው መሬት ላይ ይሁን፤ መጸዳጃው ከክፍሉ በቀጥታ ይከፈት፤ የበሩ ስፋት 90 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ውጭ የሚከፈት ይሁን፤ ሰው ከውስጥ ከወደቀ ወደ ውስጥ የሚከፈተውን በር ገላው ይዘጋዋልና። ሻወሩ ደፍ አይኑረው፤ ወለሉ ብቻ በመጠኑ ወደ መውረጃው ያዘቅዝቅ፤ ሴራሚኩም የማያንሸራትት ሻካራው ይሁን። ከመቀመጫው አጠገብና ከሻወሩ ሥር የብረት መያዣ የሚታሰርበት ቦታ ከአሁኑ በኮንክሪት ይሞላ፤ ባዶ ብሎኬት ላይ የታሰረ መያዣ ክብደት ሲያርፍበት ተነቅሎ ይወጣል። ከግቢው ወደ ክፍሉ የሚገባበት ከፍታ በደረጃ ፈንታ በራምፕ ይሁን፤ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 3.60 ሜትር ርዝመት ያለው ራምፕ ይፈልጋል፤ ከዚያ ካጠረ ዳገት ይሆናል።

መስኮቱን ዝቅ አድርጉት። ከወለሉ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢጀምር አልጋቸው ላይ ተቀምጠው የሚገባውንና የሚወጣውን ያያሉ። እናቶቻችን ሰው ሳያዩ መዋል አይችሉም።

እርሳስና ማስመሪያ

የሁለቱን ሐሳብ የሚያስታርቅ መንገድ አለ። የእንግዳ ማረፊያው በምድር ቤቱ ደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ላይ ይሁን፤ አንድ መኝታ ክፍል፣ መጸዳጃና ሻይ ቡና የሚፈላበት ትንሽ ጥግ ይኑረው። ሁለት በር ይደረግለት፤ አንደኛው ከቤቱ ኮሪደር የሚያስገባና የሚቆለፍ፣ ሁለተኛው በምሥራቁ ግቢ በኩል የሚከፈት። እናትዎ ሲመጡ የኮሪደሩ በር ክፍት ሆኖ ይውላል፤ ወንድምዎ ሲመጣ ቤተሰቡ ቤቱን ሳይረብሽ በውጭው በር ይገባል ይወጣል። ለልጆቹ ፎቅ ላይ ያለው አንዱ ክፍል ይበቃል። ወደፊት ማከራየት ቢያስፈልግም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርም፤ ተከራዩ የሚያገኘው ያንኑ የምሥራቁን ግቢ ስለሆነ መቀመጫችሁን ከሰው ጋር መጋራታችሁ ነው።

ሰርቪሱ ከኋላ አጥር ሥር ይነሣ። የደቡቡን ክፍት ግቢ ወደ አራት ሜትር የሚያጠበው እርሱ ነው። ዕቃ ማስቀመጫውና የሠራተኛዋ ክፍል ከቤቱ ምዕራባዊ ክፍል ጋር ይጠቃለሉ፤ የከሰዓት በኋላውን ኃይለኛ ፀሐይም ይጋርዱላችኋል። ከኋላ የሚቀረው እትዬ የወይራ ጥላ ያሉት ማድ ቤት ብቻ ይሁን።

የጣፎ ዳገት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይ እትዬን፣ የእድሩን ድንኳን ልክ መጠየቅ በሐሳቤ የመጣ ነገር አልነበረም። አንድ ያልተፈታልኝ ነገር አለ። ወንድሜና ልጆቹ የሚመጡት በሐምሌና በነሐሴ ነው። በዚያ ዝናብ ውጭ መቀመጥ የሚቻልበት መንገድ አለ? በረንዳውን በመስታወት ዝጋው የሚሉኝም አሉ። ውኃውም ያሳስበኛል፤ የለገዳዲ ግድብ ጎረቤት ሆነን በፈረቃ ነው የምንጠጣው።

ሱሉልታ ብርድ

እኛ ከእናንተ ከፍ ያለው ላይ ስለምንኖር ክረምቱን በደንብ እናውቀዋለን። ዝናቡ ከነፋስ ጋር ሲመጣ በአግድም ስለሚገባ ጣሪያ ብቻውን አያስጥልም። በአንድ ጎን፣ ነፋሱ በሚበረታበት በኩል፣ ሙሉ ግድግዳ ወይም የሚጠቀለል ሸራ ካለ ግን መቀመጥ ይቻላል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ከሥሩ ኮርኒስ ይግባለት፤ አለበለዚያ በረዶ ሲጥል እርስ በርስ መሰማማት አይቻልም። የሚያስተላልፈው ፕላስቲክ ብርሃኑ ጥሩ ቢሆንም ርካሹ ዓይነት በፀሐይ ቶሎ ይቢጫል፣ በበረዶም ይበሳል። ወለሉን ለስላሳ ሴራሚክ እንዳያደርጉት፤ እርጥብ ሲሆን ልጆቹን ይጥላል፤ የተጠረበ ድንጋይ ይሻላል።

ስለ መስታወቱ የምለው አለኝ። በመስታወት የተዘጋ በረንዳ በበጋ ቀን ይሞቃል፣ ማታ ግን እንደ ሌላው ክፍል ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ በኋላ ሰዉ ለማሞቅ ብሎ የከሰል ማንደጃ ያስገባል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ገዳይ ነው፤ ሽታም ሆነ የሚታይ ጭስ ሳይኖረው ሰው እንደተኛ ይቀራል። ብትዘጉትም ከላይ የማይዘጋ ክፍተት ተዉለት፤ ከሰሉን ግን ክፍት በረንዳ ላይ ብቻ ተጠቀሙበት።

ለተክሉ ደግሞ ኮክ፣ ፕሪምና ፖም ደጋውን ይወዱታል። ለጥላ ወይራና ጽድ ዝግ ብለው ቢያድጉም ግቢውን አያስቀይሙም። ባህር ዛፍ ግን ከቤት አጠገብ አይተከልም፤ ፌሮና ብሎኬት በገለጹት ዓይነት አፈር ላይ ውኃውን መጥጦ መሬቱን ያሰነጥቃል።

ፌሮና ብሎኬት

ስለ ውኃው ስሌቱ ቀላል ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ነው። በአካባቢያችን በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚዘንብ፣ 160 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት አንድ አምስተኛው ባክኖ እንኳ 128,000 ሊትር ያህል ያገኛል። ችግሩ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ መውረዱ ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ጉድጓድ፣ ቤተሰቡ በቀን 400 ሊትር ከተጠቀመ፣ 25 ቀን ብቻ ያቆያል። በጋውን በሙሉ ይሸፍናል ብላችሁ አታስቡ፤ የፈረቃውን ክፍተት ግን ይሞላል፤ ድግስ ሲኖርም ለዕቃ ማጠቢያውና ለውጭ መጸዳጃው ይበቃል። ማጠራቀሚያው ከፊት፣ በከፍታው በኩል፣ ይቀበር። የፍሳሽ ጉድጓዱ በዝቅታው በደቡብ ምሥራቅ ይሁን፤ ግን ድንኳኑ ከሚተከልበት ሥር አይሁን። ጥቁር አፈር ፍሳሽ ስለማይመጥ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፤ መጣጩ መኪና የሚደርስበትን መንገድ ከወዲሁ ያስቡ። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ስለሚወርድ ከአሸንዳው ሥር እርሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ መለያያ ይደረግ።

ሰነድ መርማሪ

ፕላኑን ስለማጽደቅ ሁለት ነገር ላስታውስ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ባለ አንድ ወለል ሆኖ በመዋቅሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠውን በምድብ ሀ፣ ከዚያ የሚሰፋውን ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለውን ደግሞ በምድብ ለ ያስቀምጠው ነበር። የእርስዎ ጂ+1 ስለሆነ የአርክቴክቸር፣ የስትራክቸር፣ የሳኒተሪና የኤሌክትሪክ ሥራው በየባለሙያው ተፈርሞ እንደሚጠየቅ ቆጥረው ይነሡ፤ አሁን የሚሠራበትን ዝርዝር ከሚያስገቡበት ጽሕፈት ቤት ይውሰዱ። ሁለተኛ፣ ማድ ቤቱም፣ ራምፑም፣ የውኃ ማጠራቀሚያውም በመጀመሪያው ፕላን ላይ ይታዩ። ብዙ ሰው በኋላ እጨምረዋለሁ ብሎ ይተዋቸውና ቁጥጥር ሲመጣ የማስፈረስ ትእዛዝ የሚደርሰው በእነዚሁ ትናንሽ ነገሮች ነው።

የጣፎ ዳገት (ጠያቂ)

ከነዳፊው ጋር ተቀምጠን ቤቱን ወደ ሰሜን ምዕራብ አስጠግተነዋል። የእንግዳው ክፍል ደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ላይ፣ በረንዳው በመመገቢያ ክፍሉ ፊት ለፊት፣ ማድ ቤቱ ደቡብ ምዕራብ ጥግ ላይ ሆነዋል። ከእድሩ ልኩን ወስጄ ድንኳኑን ፕላኑ ላይ በነጠብጣብ አስነድፌዋለሁ፤ በደቡቡ ግቢ ውስጥ ይገባል። ሳሎኑ ወደ መንገድ ባለመመልከቱ ባለቤቴ ቅር ብሏት ነበር፤ መደቡ የሚሠራበት ቦታ ላይ ጠዋት ወንበር አውጥተን ከተቀመጥን በኋላ ተስማምታለች። ቀሪው ጥያቄዬ ምጣዱ ነው፤ ማድ ቤቱ ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ከቤቱ መስመር መቀጠል ይቻላል?

ፌሮና ብሎኬት

አይቻልም። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይወስዳል፤ በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፒር ነው፤ ሁለቱ አብረው ሲጋገርባቸው 32 አምፒር ይሆናል። ከሶኬት መስመር ላይ ተቀጥሎ ከሆነ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ይግላል። ለእያንዳንዱ ምጣድ ከዋናው ቦርድ የራሱ ገመድና የራሱ ብሬከር ይውጣ፤ መሬት የሚያስገባው ገመድም እንዳይረሳ፤ የማድ ቤት ወለል እርጥብ ነው። የውኃ ማሞቂያውና ፓምፑ ሲደመሩበት ቆጣሪው የሚችለው መሆኑን ኤሌክትሪሻኑ ይደምር፤ ካልቻለ ሦስት ፌዝ ከአሁኑ ያመልክቱ።

ገመዱ ከቤቱ ወደ ማድ ቤቱ የሚሄደው በግቢው ሥር ስለሆነ ንጣፉ ከመነጠፉ በፊት ቱቦው ይቀበር። ከእርሱ ጎንም ሁለት ባዶ ቱቦ ጨምረው ያስቀብሩ፤ አንዱ ለድንኳኑ መብራት፣ አንዱ ነገ ለሚመጣው። ጫፋቸው በቡሽ ተደፍኖ የት እንደሚወጡ ግድግዳው ላይ ምልክት ይደረግ።

የወይራ ጥላ

ልጄ፣ የምጣዶቹን መደብ ጎን ለጎን አታጣብቃቸው። አንዷ ስትጋግር ሌላዋ ሰፌዱን የምታሳርፍበት ቦታ በመሀል ተውላቸው።